በፋይሉ ስም ውስጥ የነበረችው ነጥብ

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ የአንድ ቡና ነጋዴ ቢሮ ውስጥ ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ የሚሠራ ሰርቨር አለ። የየቀኑን የሚዛን መዝገብ ባክአፕ የሚያደርግ ስክሪፕት (የትዕዛዞች ፋይል) ጽፌ፣ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል «ባክአፕ ነጥብ ኤስኤች» ብዬ ክሮን ዴይሊ ፎልደር ውስጥ ከተትኩት፤ ክሮን ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስነሳ ፕሮግራም ነው፣ ይህ ፎልደር ደግሞ በየቀኑ የሚነሱት የሚቀመጡበት። ባሽ (ትዕዛዞችን ተቀብሎ የሚያስፈጽም ሼል) ብዬ በእጄ ሳስነሳው ይሠራል። ጠዋት ግን ባክአፕ የለም። ሦስት ቀን እንዲሁ! ኤረር የለ፣ ሎጉም ክሮን በሰዓቱ እንደተነሳ ነው የሚናገረው። የፋይሉን የመነሳት ፈቃድም አየሁ፣ ደህና ነው።

የዚያን ፎልደር ፕሮግራሞች ተራ በተራ የሚያስነሳው ራን ፓርትስ የሚባል መሣሪያ ነው። ሁለት ሰረዝ አስቀድማችሁ «ቴስት» የሚለውን ከፎልደሩ አድራሻ ጋር ስትሰጡት፣ ምንም ሳያስነሳ ሊያስነሳቸው ያሰባቸውን ብቻ ይዘረዝራል። ሞከርኩት። የእኔ ስክሪፕት ዝርዝሩ ውስጥ የለችም።

ጥፋተኛዋ ነጥቧ ናት። ራን ፓርትስ ሌላ ካልታዘዘ በቀር የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥር፣ ሰረዝና የስር ሰረዝ ብቻ ያለበትን ስም ነው የሚቀበለው፤ ሌላውን ዝም ብሎ ያልፈዋል። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ሕግ ነው፣ ፓኬጅ ሲታደስ የሚቀሩ አሮጌ ቅጂዎች ሳይታሰብ እንዳይነሱ ይከላከላል።

ስሙን «ባክአፕ» ብቻ አደረግኩት፣ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ግን ቴስት የሚያየው መነሳት አለመነሳቱን እንጂ መሥራቱን አይደለም። ስለዚህ ራን ፓርትስን ያለ ቴስት በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ፈቃድ፣ አስነሳሁት፣ «የፎርማት ስህተት» አለኝ። ለካ የመጀመሪያውን መስመር፣ በየትኛው ሼል እንደሚነሳ የሚነግረውን፣ አልጻፍኩም ነበር። ጨመርኩት። በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ከ25 ላይ የሚዛኑ መዝገብ ባክአፕ ቦታው ላይ ነበር።