የጋራ ሶላር ለሚያቋቁም ማኅበር፦ ከፓነሉ በፊት ሒሳቡ

የጋራ ሶላር የሚያስቸግረው በተተከለ ማግስት ሳይሆን ባትሪው ሲያረጅ ነው። ስለዚህ ሥራው ከወረቀት ይጀምር።

መጀመሪያ በየአባሉ ቤት ዞራችሁ የእያንዳንዱን ዕቃ ዋትና በቀን የሚሠራበትን ሰዓት መዝግቡ። «ወደፊት ፍሪጅ እገዛለሁ» የሚለውን ለብቻው ጻፉት፤ ከድምሩ ከተቀላቀለ ማንም የማይጠቀምበት ኃይል ይገዛል።

40 ቤቶች እያንዳንዳቸው በቀን 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙ 24 ይሆናል። ባለ 5 ኪሎዋት የውኃ ፓምፕ 3 ሰዓት ሲሠራ 15 ይጨምራል፤ በድምሩ 39። ይህን ፀሐይ በጣም በምትደክምበት ወር ለሚገኘው የሙሉ ፀሐይ ሰዓት (የቀኑ ብርሃን ሁሉ በሙሉ ጉልበት ቢበራ ስንት ሰዓት እንደሚሆን) አካፍሉ። በዓመቱ አማካይ ያሰላ ማኅበር በደመናው ወራት የሚያመሸው በሻማ ነው። ሰዓቱ 5 ከሆነ ውጤቱ 7.8 ነው፤ በሙቀት፣ በአቧራ፣ በሽቦና በኢንቨርተር (የፓነሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ በሚቀይረው መሣሪያ) ለሚባክነው ደግሞ ለ0.7 ሲካፈል 11.1 ኪሎዋት ይመጣል። በባለ 550 ዋት ፓነል 21 ይበቃል፤ ሁለት እኩል መስመር እንዲሆን ግን 22 ግዙ።

ፓምፑ እኩለ ቀን ላይ ይሥራ፤ ባትሪ አይነካም። ባትሪው የሚሰላው ለማታው ፍጆታ ብቻ ነው። ከ24ቱ 60 በመቶው ማታ ከሆነ 14.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሊቲየም ባትሪ 80 በመቶው ይወጣለታል፤ የኢንቨርተሩ ብክነት ሲታከል 20 ያስፈልጋል። ሊድ አሲድ (የመኪና ባትሪ ዓይነት) ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር 32 ይጠይቃል። ርካሽነቱ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው።

ፓምፑ በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ከረንት ይስባል። ኢንቨርተሩ ይህን ካልቻለ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር መንደሩ ሁሉ ይጠፋል። ትልቅ ኢንቨርተር ከመግዛት ለፓምፑ ሶፍት ስታርተር (ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ መሣሪያ) ማስገባት ይቀላል።

ታሪፉ ሁለት ክፍል ይኑረው፦ በቆጣሪ የሚከፈልና ቋሚ ወርኃዊ መዋጮ። ባትሪው 10 ዓመት ይቆያል ከተባለ ዋጋውን ለ120 ወር፣ ከዚያ ለ40 ቤት አካፍሉና በቋሚው መዋጮ ውስጥ አስገቡት። ገንዘቡ ከሥራ ማስኬጃው በተለየ ሒሳብ፣ በሦስት ሰው ፊርማ ይቀመጥ። በጉባኤ መዋጮ ይቀነስ ሲባል መጀመሪያ የሚነካው ይኸው ነው፤ ስለዚህ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይጻፍ።

በየወሩ ከኢንቨርተሩ የወጣውን ከቤቶቹና ከፓምፑ ቆጣሪዎች ድምር ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካለፈ ሌባ ከመፈለጋችሁ በፊት የላላ ማያያዣ ፈትሹ።