የማያ ጽሕፈት ተመራማሪን ወረቀቶች ደሴ ቁጭ ብሎ ለማንበብ

ደሴ ፒያሳ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የሚመጣው ወረቀት መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃና ማመልከቻ ነው። ጭጋግ የጦሳን ተራራ ሸፍኖት ደንበኛ በሚጠፋበት ጠዋት ግን ስክሪኔ ላይ የሚዘረጋው ሌላ ነው፤ የጽሕፈቱ ተመራማሪ ሊንዳ ሺሊ ትታው ያለፈችው የማያ (የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ጥንታዊ ሕዝብ) ጽሕፈት ሥዕል። «ይሄ ነገር ደግሞ እንዴት ይነበባል?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል።

ሴትዮዋ የሥዕል አስተማሪ ነበረች። በ1970 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ለእረፍት ሜክሲኮ ሄዳ የጥንቷን የማያ ከተማ የፓሌንኬን ፍርስራሽ አየች፤ ልቧም እዚያው ቀረ። በ1998 እስክታርፍ ድረስ ድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ስትስልና ስታነብ ኖረች። ሥዕሎቿ ስካን ተደርገው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይታያሉ።

ሁሉንም ላውርድ አትበሉ፤ ፓኬጃችሁን ይበላዋል። አንድ ከተማ ምረጡ። ፓሌንኬ ይሻላል። እያንዳንዱ ሥዕል መለያ ቁጥር አለው፤ የፋይሉ ስም ውስጥ አስገቡት። «ሥዕል 1» ብላችሁ ካስቀመጣችሁ በኋላ ማመሳከር አበሳ ነው።

ፕሪንት ስታደርጉ የቶነር ቁጠባውን አጥፉት። ቁጠባው ቀጫጭኑን መስመር ያደበዝዘዋል፤ እዚህ ሥራ ላይ ደግሞ ቁም ነገሩ ያለው ቀጭኑ መስመር ላይ ነው። ከፎቶ ኮፒ ላይ ፎቶ ኮፒ አታንሱ።

ምልክቶቹ ክፍል ክፍል ሆነው ተደርድረዋል። እንደ እኛ እስከ ዳር አትሂዱ። ብዙውን ጊዜ ሁለት ሁለት ዓምድ ይዛችሁ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሁለቱን አይታችሁ፣ አንድ ረድፍ ትወርዳላችሁ። ታች ስትደርሱ ቀጣዮቹን ሁለት ዓምዶች ከላይ ትጀምራላችሁ። ማስታወሻ ላይ «ኤ1፣ ቢ1፣ ኤ2» የሚል ካያችሁ ፊደሉ ዓምዱ፣ ቁጥሩ ረድፉ ነው።

ቀጥሎ ቁጥር ፈልጉ። ነጥብ አንድ፣ ዘንግ አምስት። ሁለት ዘንግና ሦስት ነጥብ አሥራ ሦስት ማለት ነው። ከነጥቡ ጎን ትንሽ ጨረቃ የመሰለ ነገር ካለ ግን አትቁጠሩት፤ ቦታ መሙያ ነው።

አሁን ወደ ጣፋጩ እንምጣ። በ615 ነግሦ በ683 የሞተውን የፓሌንኬ ንጉሥ ፓካልን ፈልጉ። ስሙ ጋሻ ማለት ነው። ጸሐፊዎቹ አንዳንዴ ጋሻ ይስላሉ፣ በቃ። አንዳንዴ ደግሞ በሦስት ምልክት ይጽፉታል፤ ፓ፣ ካ፣ ላ። የመጨረሻዋ አናባቢ አትጠራም፣ ፓካል ይባላል። ጋሻውን ስለው «ላ»ን የሚጨምሩበትም ጊዜ አለ፤ መጨረሻው «ል» ነው፣ እንዳትሳሳት ለማለት። ሀሁ የቆጠረ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ዲዬጎ ዴ ላንዳ የተባለው የስፔን መነኩሴ ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን የማያ ሰዎችን እንደ ላቲን አንድ አንድ ፊደል ጻፉልኝ አላቸው። እነሱ የሰሙትን ድምፅ ከነአናባቢው ጻፉለት። ይህንን በ1952 ያስተዋለው ሌኒንግራድ የነበረው የሶቪየት ተመራማሪ ዩሪ ክኖሮዞቭ ነው። ያኔም ቢሆን ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ቶሎ አልተቀበሉትም።

ፓ፣ ካ፣ ላን ስታገኙ ትሬሲንግ ፔፐር ደርባችሁ በእርሳስ ተከተሏቸው። በዓይን ብቻ ማየትና በእጅ መከተል አንድ አይደለም። የተቆራረጠ መስመር ካጋጠማችሁ አብዛኛውን ጊዜ ድንጋዩ የተጎዳበት፣ ሰዓሊዋ የገመተችው ቦታ ነው። እሱን ከፎቶ ጋር አስተያዩት። የእሷ ሥዕል ቢሆንም እመኑ የሚል ሕግ የለም።

የድሮ ወረቀት ስታነቡ ቀኑን እዩ። ሺሊ እና ሌሎቹ ተመራማሪዎች ፒተር ማቲውስና ፍሎይድ ላውንስበሪ በ1973 ፓሌንኬ ላይ ተሰብስበው የከተማዋን ነገሥታት በተራ አስቀምጠዋል፤ ከዚያ በፊት የተጻፈውን በጥንቃቄ ያዙት። አጻጻፍም ተለውጧል። ፓካል በድሮው በሲ፣ በአዲሱ በኬ ነው፤ ስትፈልጉ ሁለቱንም ሞክሩ። «ቲ» እና ቁጥር ካያችሁ ደግሞ የማያ ተመራማሪው ኤሪክ ቶምፕሰን በ1962 ያወጣው የምልክት ዝርዝር ቁጥር ነው።

ለራሳችሁ ጥናት ብታትሙ ችግር የለውም። ለመጽሐፍ ወይም ለሽያጭ ከሆነ ግን ሥዕሎቹን የያዘውን ተቋም ፈቃድ ጠይቁ። ከኮምቦልቻ አንድ ልጅ «ቲሸርት ላይ አትምልኝ፣ ቶሎ ይሸጣል» ብሎኝ ነበር። «ፈቃዱን ይዘህ ና» አልኩት። እስካሁን ብቅ አላለም።