የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሲዘጋ ቤትዎን እንዴት ያዘጋጃሉ?

የፌዴራል መንግሥቱ የበጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል። ኮንግረስ እስከዚያ ድረስ 12ቱን የበጀት ሕጎች ወይም ጊዜያዊ ማራዘሚያ ካላጸደቀ፣ በጀት ያልተለቀቀላቸው መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ። ብዙ ሰው ይህን የሚጠብቀው ምክር ቤቱ በአንዱ ፓርቲ፣ ዋይት ሐውስ በሌላው እጅ ሲሆን ብቻ ነው። ስሕተት ነው። ሴኔት ውስጥ የበጀት ማራዘሚያ ለማሳለፍ በተግባር ከ100ው 60 ድምፅ ስለሚያስፈልግ፣ በ2025 ሁለቱም ምክር ቤቶችና ዋይት ሐውስ በአንድ ፓርቲ እጅ እያሉ መንግሥት ለ43 ቀን ተዘግቷል። በዲሴምበር 2018 የጀመረውም 35 ቀን ፈጅቷል። ስለዚህ ስሌትዎን በሳምንት ሳይሆን በወር ተኩል ይያዙ።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይለዩ

መንግሥት ተዘጋ ማለት ሁሉም ነገር ቆመ ማለት አይደለም። የሚጠቀሙባቸውን አገልግሎቶች ይጻፉና ለእያንዳንዱ ወጪው በምን እንደሚሸፈን ይጠይቁ። ሶሻል ሴኩሪቲ በቋሚ ሕግ የሚከፈል ስለሆነ ገንዘቡ በቀኑ ይገባል። ፖስታ ቤት በራሱ ገቢ ይሠራል። አብዛኛው የኢሚግሬሽን ማመልከቻም አመልካቹ በሚከፍለው ገንዘብ ስለሚንቀሳቀስ ይቀጥላል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአሠሪ በኩል ለሚሄድ ጉዳይ የመጀመሪያውን ወረቀት የሚሰጠው ኢሚግሬሽን ሳይሆን የሌበር ዲፓርትመንት ነው፤ እሱ ደግሞ በዓመታዊ በጀት የሚተዳደር ነው። በጀቱ ካልተለቀቀለት አዲስ የኤች-1ቢም (በአሠሪ በኩል የሚገኝ ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ) ሆነ የግሪን ካርድ ጉዳይ ከመነሻው ይቆማል። ለኤች-1ቢ ወደ ሌበር ዲፓርትመንት የሚገባው ማመልከቻ ለመጽደቅ 7 የሥራ ቀን ይወስዳል፤ ሥራው ከመጀመሩ 6 ወር ቀደም ብሎም ማስገባት ይቻላል። ስለዚህ ጠበቃዎ ከሴፕቴምበር አጋማሽ በፊት እንዲያስገባው ይወትውቱ።

የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለዎት ሰው ከሆኑ በዜና ላይ ተመርኩዘው አይቅሩ። በ2018–19ቱ መዘጋት እስር ላይ ያልሆኑ ሰዎች ቀጠሮ በብዛት ተሰርዞ ነበር፤ ሁልጊዜ ግን እንደዚያ አይሆንም። ካልቀረቡ ዳኛው በሌሉበት ከአገር እንዲወጡ ሊወስንብዎት ይችላል። ከቀጠሮው ዋዜማ ጀምሮ በኤ-ቁጥርዎ (በኢሚግሬሽን ወረቀትዎ ላይ በA ፊደል የሚጀምረው ቁጥር) የፍርድ ቤቱን የስልክ መስመር ወይም ድረ ገጽ ይፈትሹ። ተሰርዟል የሚል እስካላገኙ ድረስ ቀጠሮው አለ ብለው ይሂዱ።

ደመወዝዎ ከፌዴራል መንግሥት ከሆነ

በ2019 የወጣው ሕግ ቤት እንዲቀመጡ ለተደረጉትም ሆነ ያለ ክፍያ ለሠሩት ውዝፍ ደመወዝ እንዲከፈል ያዛል። በኮንትራክተር በኩል የተቀጠረ የጽዳት፣ የጥበቃና የካፊቴሪያ ሠራተኛ ግን በዚህ ሕግ ውስጥ የለም፤ የቀረበት ቀን ላይመለስ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው መደበኛውን የሥራ አጥነት ክፍያ ሳይውል ሳያድር፣ በመጀመሪያው ሳምንት መጠየቅ አለበት።

ቤት የተቀመጠ የፌዴራል ሠራተኛም ማመልከት ይችላል። የሚያመለክተው በሚኖርበት ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ ባለበት ግዛት ነው፦ ሜሪላንድ እየኖሩ ዋሺንግተን ዲሲ የሚሠሩ ከሆነ ዲሲ ነው። ኤስኤፍ-8 (ስለ ሥራ አጥነት ክፍያ ለሠራተኛው የሚሰጥ ማሳወቂያ) እና ኤስኤፍ-50 (የቅጥር ሁኔታዎን የሚያሳይ ወረቀት) የተባሉትን ቅጾችና የመጨረሻ የደመወዝ ወረቀትዎን መሥሪያ ቤቱ ሳይዘጋ በእጅዎ ያስገቡ፤ ከተዘጋ በኋላ የሚሰጥዎት ሰው ላያገኙ ይችላሉ። ውዝፉ ሲከፈል የወሰዱትን ስለሚመልሱ ከአሁኑ እንደ ብድር ይቁጠሩት። ሙሉ ሰዓት ያለ ክፍያ እየሠሩ ያሉ ግን፣ ፍትሐዊ ባይመስልም፣ አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድላቸውም።

ለአከራይዎ ወይም ለሞርጌጅ ባንክዎ የክፍያው ቀን ካለፈ በኋላ ሳይሆን በፊት ይጻፉ። ደመወዝ የቆመበትን ቀን፣ አሁን መክፈል የሚችሉትን መጠንና ቀሪውን መቼ እንደሚከፍሉ ያስፍሩ፤ የመሥሪያ ቤትዎን ደብዳቤ ያያይዙ። ባንኩ «ለጊዜው አይክፈሉ» ቢል ደስታው ከመቅደሙ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ የተዘለለው የሚከፈለው በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በብድሩ መጨረሻ ተጨምሮ? በአንድ ጊዜ ከሆነ ሦስት ወር ዘለው የሦስት ወሩን በአንድ ቀን ይጠየቃሉ። መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ፉድ ስታምፕ

በ2019 የፌብሩዋሪው ገንዘብ ቀደም ብሎ በጃንዋሪ ገባ። ተጨማሪ መስሏቸው የጨረሱት ሰዎች እስከ ማርች ባዶ ካርድ ይዘው ቀሩ። በኖቬምበር 2025 ደግሞ ገንዘቡ ራሱ ዘገየ። ካርዱ ላይ የቀረ ገንዘብ ወሩ ሲያልቅ አይጠፋም፤ የሚሰረዘው 9 ወር ያህል ሳይነካ ከቆየ ነው። ስለዚህ በሴፕቴምበር ጥቂት ማሳደር ይቻላል። የእድሳት ወረቀት ከመጣልዎት ግን መንግሥት ተዘግቷል ብለው አያቆዩት፤ የሚቀበለው የግዛቱ ቢሮ ክፍት ነው።

ጉዞና ከተከፈተ በኋላ

የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ያለ ደመወዝ ስለሚሠሩ በረራ ይስተጓጎላል፤ በኖቬምበር 2025 በ40 ኤርፖርቶች በረራ እንዲቀነስ ታዟል። አየር መንገዱ በረራዎን ከሰረዘና ሌላ በረራ ካልፈለጉ፣ «የማይመለስ» ትኬት ቢሆን እንኳ ገንዘብዎን የመጠየቅ መብት አለዎት፤ ቫውቸር እንዲቀበሉ አይገደዱም።

ውዝፍ ደመወዙ ሲገባ ሙሉውን ለዕዳ አይመድቡት። የጤና መድንዎ በመዘጋቱ ወቅት ባይቋረጥም ያልተቆረጠው መዋጮ ተጠራቅሞ ይቆረጣል፤ ስለዚህ እጅዎ የሚገባው ካሰቡት ያንሳል።