ሞተር፣ ድንኳንና ባሌ፦ ብቻውን የሚወጣ ሞተረኛ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከሐዋሳ ሞተር አስነስቶ ወደ ባሌ መውጣትን የመሰለ የሳምንት መጨረሻ የለም። ሻሸመኔን፣ ኮፈሌን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፋችሁ ዲንሾ ትደርሳላችሁ። ስንዴው በደረሰበት ወቅት ከሆነ ግራና ቀኙ ወርቅ ይመስላል፤ ኮምባይነሮችም መንገዱን ሞልተው ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ከዲንሾ ወዲያ ሮቤና ጎባ አሉ። ከጎባ በላይ ደግሞ መንገዱ ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣና በሐረና ጫካ በኩል ወደ ደሎ መና ይወርዳል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው እዚሁ ነው።

ብቻ መጓዝ ደስ ይላል። የፈለጋችሁበት ትቆማላችሁ፤ ማንም አያጣድፋችሁም። ግን ብቻውን የወጣ ሞተረኛ ከማንም በላይ ሰው ያስፈልገዋል። ጎማው ሲተነፍስ፣ ሲመሽበት፣ ሲያመው የሚደርስለት የመንገዱ ሰው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት ይመጣሉ።

ሁለት ቀን የማይችለውን መንገድ ማቀድ

ብዙ ሰው ካርታ ላይ ያያል፣ ኪሎ ሜትር ይደምራል፣ ከዚያ «ቅዳሜ ሐረና አድራለሁ፣ እሑድ ማታ ቤቴ ነኝ» ይላል። ከሐዋሳ ጎባ ብቻ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጎባ ደሎ መና ደግሞ ከ100 ኪሎ ሜትር ያላነሰ የተራራ መንገድ አለ። ኮረኮንች ላይ፣ ዕቃ በተጫነ ሞተር፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ጥሩ ሄዳችኋል። ዝናብ ከጣለ እሱም የለም።

እንደኔ ለሁለት ቀን ዲንሾ በቂ ነው። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ ድንኳን የሚተከልበት ቦታም አለ። በኮሶና በጥድ ዛፎች መካከል የደጋ አጋዘንና ከርከሮ ከቅርብ ይታያሉ። ሳነቴንና ሐረናን ሰኞ በዓል ለሚውልበት ሳምንት አቆዩአቸው። ሦስት ቀን ሲኖራችሁ ሳነቴ ላይ ሞተር አጥፍታችሁ፣ ጅብራዎቹ መሀል ተቀምጣችሁ፣ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያደን ለማየት ጊዜ ይኖራችኋል። በመላው ዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ብቻ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው ባሌ ነው። ይህን በጥድፊያ ማለፍ ያሳዝናል።

ሰዓቱንም አስቡት። በእኛ አገር ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ለመጨለም ብዙ አይፈጅም። ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ከብቱ ወደ ቤት ይገባል፤ ፈረሶች፣ አህዮችና ልጆች መንገዱ ላይ ናቸው። መብራት የሌለው ጋሪ ከፊታችሁ ድንገት ይመጣል። 11 ሰዓት ላይ ድንኳናችሁ ተተክሎ መገኘት አለበት።

የመጀመሪያውን ሌሊት ሳነቴ ላይ ማደር

ይህን ብዙ ሰው ጭራሽ አያስበውም። «ደገኛ ነኝ፣ ከፍታ ምን ያደርገኛል» የሚል አለ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሳነቴ ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል፤ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። ጠዋት ሐዋሳ ቁርስ በልቶ ማታ ሳነቴ ላይ መተኛት ማለት በአንድ ቀን ከ2,000 ሜትር በላይ መውጣት ነው። ተራራ የሚወጡ ሰዎች ከ3,000 ሜትር በላይ በየሌሊቱ የሚተኙበትን ቦታ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምሩ ይመከራሉ።

ምልክቱ የሚጀምረው በራስ ምታት ነው። ከዚያ ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ምግብ ያስጠላል፤ እንቅልፍ እምቢ ይላል። በዚህ ሁኔታ ጠዋት ሞተር ላይ መውጣት አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ሚዛንና ውሳኔ ሁለቱም ይደክማሉ። ራሳችሁን ካመማችሁ አትውጡ። እየባሰ ከሄደ፣ መራመድ ካስቸገራችሁ ወይም ተቀምጣችሁም ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ሳትዘገዩ ወደ ጎባ ውረዱ፤ መንዳት ካልቻላችሁ በሚያልፍ መኪና ሂዱ። ሞተሩን በኋላ መውሰድ ይቻላል።

ሞተሩም ከፍታውን ይሰማዋል። አየሩ ስለሚሳሳ ጉልበቱ በየ1,000 ሜትሩ ወደ አሥር በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ካርቡራተር ያለው ሞተር በተጨማሪ ነዳጁ ከአየሩ ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ዳገት ላይ ይንተፋተፋል። ይህን ሲያዩ መንገድ ዳር ካርቡራተር መፍታት የሚጀምሩ አሉ። አትንኩት። ማርሽ ቀንሱና ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ ስትወርዱ ራሱ ይስተካከላል። ከመነሳታችሁ በፊት ግን የአየር ማጣሪያውን አጽዱ፤ በአቧራ የታፈነ ማጣሪያ ችግሩን እጥፍ ያደርገዋል።

ከሰል ድንኳን ውስጥ ማስገባት

ከዚህ ሁሉ አንድ ብቻ አስታውሱ ብባል ይህን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ይገድላል።

የባሌ ብርድ ቀልድ አይደለም። በበጋ ወራት፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ የሳነቴ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ዲንሾም ይበርዳል። በዚህ ጊዜ ቡና የፈላበትን ማንደጃ ከነፍሙ ወደ ድንኳን ማስገባት ያጓጓል። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው» ይባላል። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ጭሱ ጠፍቶ የሚደምቀው ፍም ሌሊቱን ሙሉ ሊያመነጨው ይችላል። ሰውየው እንቅልፍ እንደመጣበት ያስባል፤ አይነቃም። አብሮት ሌላ ሰው ቢኖር ምናልባት ይቀሰቅሰው ነበር፤ ብቻውን ነውና የሚቀሰቅሰው የለም። የጋዝ ምድጃም ቢሆን ያው ነው። ዚፑን ትንሽ መክፈት አያድንም።

ሙቀት በሌላ መንገድ ይገኛል። ብርዱ በብዛት የሚመጣው ከመሬት ነው፤ ስለዚህ ከላይ ብርድ ልብስ ከመደረብ በፊት ከሥር ስፖንጅ አንጥፉ። ማዳበሪያ ከሥሩ ብትደርቡ ደግሞ እርጥበቱን ይከላከላል። የፈላ ውሃ በብረት ኮዳ ሞልታችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ፣ እግራችሁ ሥር አድርጉት። የሌሊት ልብሳችሁ ቀን ያላበው መሆን የለበትም፤ ደረቅ ይሁን። ጋቢ ለማታ ግሩም ነው፤ እየነዱ መልበስ ግን አይገባም። ጫፉ ሰንሰለቱ ወይም የኋላው ጎማ ውስጥ ከገባ ሰውየውን ጎትቶ ይጥለዋል።

ስለ ምግብ ደግሞ፦ በ4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ምስር ወይም ባቄላ ቀቅላለሁ ያለ ሰው ጋዙን ጨርሶ ጥሬውን ይበላል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ይዞ የወጣ ግን ሆዱ ይሞላል፣ እሳትም አያስፈልገውም።

ዕቃውን ከኋላና ከፍ አድርጎ መጫን

ድንኳኑ፣ ስፖንጁ፣ ውሃው፣ ሁሉም ከመቀመጫው ጀርባ ይከመራል። ፊት ጎማው ይቀልና መሪው ኮረኮንች ላይ ይዋዥቃል። ከባዱን ዕቃ፣ በተለይ ውሃና መሣሪያ፣ በተቻለ መጠን ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ወገባችሁ አስጠጉት። ቀላሉ ላይ ይሁን። ገመድ ይላላል፤ የአሮጌ ካላማዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ቁራጭ ግን አጥብቆ ይይዛል፣ የትም ጎሚስታ ጋ በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። ጭነቱን አስራችሁ ቅዳሜ ጠዋት ከመነሳት ይልቅ ሐሙስ ማታ በሰፈር ኮረኮንች ላይ ዞር ዞር በሉበት።

ጎሚስታው ሁልጊዜ አለ ብሎ ማሰብ

እስከ ጎባ ድረስ እውነት ነው፤ በየከተማው ጎሚስታ አለ። ሳነቴ ላይ የለም። ካላማዳሪ መለዋወጫ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ የእጅ ፓምፕ፣ ጎማ ማውለቂያ ሁለት ብረት፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ አንድ ካንዴላና የፍሪሲዮን ሽቦ ያዙ። ከሁሉም በላይ ግን የኋላ ጎማችሁን ግቢያችሁ ውስጥ፣ ማንም ሳያግዛችሁ፣ አንድ ጊዜ አውልቃችሁ መልሱ። መሣሪያ ይዞ አጠቃቀሙን የማያውቅ ሰው ክብደት ብቻ ነው የተሸከመው። የሰፈር ጎሚስታችሁን «አጎቴ፣ አንዴ አሳየኝ» ብትሉት በደስታ ያሳያችኋል።

ነዳጅን ለነገ መተው

ሮቤና ጎባ ማደያ አለ። ማደያ መኖሩ ግን ቤንዚን አለ ማለት አይደለም፤ ይህን ማንም የአገራችን አሽከርካሪ ያውቀዋል። ባገኛችሁበት ሙሉ። በየመንደሩ በሃይላንድ የሚሸጠው ለጭንቅ ጊዜ ነው፤ ውሃ ወይም ናፍጣ ሊቀላቀልበት ይችላል። ግድ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ አቁማችሁ ከሥሩ ውሃ መጥለሉን እዩ፤ ናፍጣ ግን በዚህ አይለይም። ስትቀዱም በንጹሕ ጨርቅ አጥሉት።

ቁልቁለት ላይ ፎሌ ማድረግ

ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ቁልቁለት ላይ ፎሌ አድርጎ (ማርሹን ነጻ አውጥቶ)፣ አንዳንዴም ሞተር አጥፍቶ መውረድ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ከሳነቴ ወደ ሐረና የሚወርደው መንገድ ግን ጠመዝማዛና ገደላማ ነው። በፎሌ ሲወረድ ክብደቱ በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑ ይግላል፣ ከዚያ መያዝ ያቆማል። በሁለተኛ ወይም በአንደኛ ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል። የምትቆጥቡት ነዳጅ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ አይሆንም።

ሳይጠይቁ ድንኳን መትከል

ባዶ ሜዳ የሚመስል ሁሉ ባዶ አይደለም። የአንድ መንደር ግጦሽ ነው፣ ወይም የአንድ ገበሬ ድንበር። ማታ መብራት አብርቶ የሚንጎዳጎድ የማይታወቅ ሰው ማንንም ያስደነግጣል። ውሾቹም አይምሩም።

ፓርኩ ውስጥ የምታድሩ ከሆነ መጀመሪያ ዲንሾ ተመዝገቡ፣ ክፈሉ፣ የት ማደር እንደሚፈቀድም ጠይቁ። ከፓርኩ ውጭ ከሆነ ሳይመሽ መንደሩ ጋ ቁሙ፣ ራስ ቁራችሁን አውልቁ፣ በዕድሜ ትልቅ የሆነውን ሰው ሰላም በሉ። አካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። «አካም»፣ «ነጋ» ማለትና «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን ፊቶችን ይፈታል። ፊታችሁም ይታይ፤ ጥቁር መነጽርና ራስ ቁር እንዳደረጉ መጠየቅ ነውር ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ «ሜዳ ላይ ምን ያሳድራችኋል፣ ግቢያችን ግቡ» ይሆናል። ግቡ። ዋርካ ሥር ብቻዬን አድራለሁ ብላችሁ ያቀዳችሁት ይቅር። ግቢ ውስጥ ጅብም ሌባም አያሳስብም፤ ማታም እሳት ዳር የምትሰሙት ወሬ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጸጥታው ከማንኛውም ስልክ የተሻለ መረጃ ነው። ጠዋት ስትሄዱ ለቤቱ ስኳር ወይም ቡና ስጡ። ለልጆች መንገድ ላይ ብርና ከረሜላ መበተን ግን ከኋላችሁ ለሚመጣው ሁሉ ችግር ይተክላል፤ ልጆቹንም ወደ ጎማ ይስባል።

ሜዳ ላይ ካደራችሁ የቆዳ ጫማና ጓንት ውጭ አትተዉ፤ ጅብ ቆዳ ይወዳል። ምግብም ድንኳን ውስጥ አይደር፤ አስራችሁ ራቅ ያለ ዛፍ ላይ ስቀሉት። እሳትን በተመለከተ ጥብቅ ሁኑ። ተራራውን የሸፈነው አስታ የሚባል ቁጥቋጦ በበጋ እንደ ክብሪት ይያያዛል። በ1992 ዓ.ም. በባሌ የተነሳው ቃጠሎ ሰፊ ደን በልቷል፤ በ2000 ዓ.ም.ም እንዲሁ። በአስታ አጠገብ በጭራሽ እሳት አታንድዱ።

ለማንም ሳይናገሩ መሄድ

«እናቴ ትጨነቃለች» ብሎ ደብቆ የሚሄድ ወጣት ብዙ ነው። የምትጨነቀው ካልተነገራት ይበልጥ ነው። ለእሷ ካልሆነ ለወንድም፣ ለጓደኛ ንገሩ። በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፦ የምታልፉበትን ከተማ በቅደም ተከተል፣ የምታድሩበትን፣ የሞተሩን ቀለምና ሰሌዳ፣ የምትመለሱበትን ሰዓት። የጸጥታው ሁኔታ በየሳምንቱ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ ትናንት ከባሌ የመጣ ሹፌር ጠይቁ። እሱ «አትሂድ» ካለ አትሂዱ።

ተራራው ላይ ኔትወርክ ቦታ ቦታ ይጠፋል፤ ስለዚህ «እደውላለሁ» ብቻ አይበቃም። የምትደውሉበትን ከተማ ቁረጡ፦ ስትወጡ ጎባ፣ ስትመለሱ ዶዶላ። ወረቀቱን የሰጣችሁት ሰው ደግሞ ጥሪው በተባለው ሰዓት ካልመጣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅና ከዚያ ማን ጋ እንደሚደውል አስቀድሞ ይወቅ፤ የዲንሾው ጽሕፈት ቤት ወይም ጎባ ያረፋችሁበት ሆቴል ስልክ በወረቀቱ ላይ ይኑር። እዚያ ያሉት ሰዎች መንገዱን ያውቁታል፤ የት ላይ መኪና እንደሚያልፍና የት እንደማያልፍም።