ከውድድር በፊትና በውድድር መሃል ምን ይበላል? ከደሴ ኮምቦልቻ ለሚወርድ ተጫዋች

ጨዋታው ኮምቦልቻ፣ ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ላይ ነው እንበል። ደሴ ላይ የተጫዋቹ እናት «ይበርታልኝ» ብላ ጠዋት ገንፎ በቅቤ ታቀርባለች፤ ጓደኛ ደግሞ ምሳ ጥሬ ሥጋ ይጋብዛል። በፍቅር የቀረበን ምግብ እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ ያም ሆኖ በዚህ ቀን ያስፈልጋል። ቅቤና ሥጋ ከጨጓራ ቶሎ አይወጡም። ሜዳ ላይ የሚያስሮጠው በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ግላይኮጅን (ሰውነት ለጉልበት ያስቀመጠው ስኳር) ነው፤ እሱ የሚሞላው ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ በዳቦ፣ በሩዝ፣ በፓስታና በድንች ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የዋዜማውን እራት አስተካክሉ። ፓስታው ወይም ሩዙ ይብዛ፣ ስጎው ላይ ዘይት አይብዛ። እንጀራ ካማራችሁ ከሽሮና ከባቄላ ይልቅ በድንች አልጫ ብሉት፤ ጥራጥሬ ሆድ ይነፋል። ያልለመዳችሁትን ምግብ በዚህ ምሽት አትሞክሩ።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ በማርና ሻይ ይበቃል። ዋናው ምግብ ከጨዋታው 3 ወይም 4 ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ማለትም ከ5፡00 እስከ 6፡00 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ተጫዋች በኪሎ 2 ግራም ካርቦሃይድሬት (በዳቦ፣ በሩዝና በመሳሰሉት ውስጥ ያለው ጉልበት ሰጪ) ቢያስብ 120 ግራም ይሆናል፤ 300 ግራም ገደማ የበሰለ ሩዝ፣ አንድ ሙዝና አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ይህን ይሞላሉ። መኪና የሚያጥወለውለው ሰው ምሳ ዕቃውን ይዞ፣ በመንገዱ ላይ ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ከወረደ በኋላ ቢበላ ይሻለዋል።

በሶስ? ጥሩ የጉልበት ምግብ ነው። ነገር ግን ጭብጦው በቅቤ ወይም በዘይት ስለሚታሽ፣ ገብሱም አሰር ስለሚበዛው፣ ለልምምድ ቀን ይሁን። የለመደ ሰው ግን ቀጠን አድርጎ በማር በጥብጦ በዋናው ምግብ ሰዓት ሊጠጣው ይችላል።

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከብርዱ ወደ ሙቀቱ ለወረደ ሰው ላቡ ይበዛል። ጨዋታው ሊጀመር ከ2 እስከ 4 ሰዓት ሲቀረው ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ቀስ እያላችሁ ጠጡ፤ ጋዝ ያለው ይቅር።

በመጨረሻው ሰዓት አንድ ሙዝ ወይም ሁለት ሦስት ፍሬ ተምር በቂ ነው። ቡና የለመደ አንድ ስኒ ቢጠጣ ችግር የለውም፤ ካፌይን አልተከለከለም። ጫት ግን ፈጽሞ አይነካ! በውስጡ ያሉት ካቲንና ካቲኖን የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ በውድድር ወቅት የከለከላቸው ናቸው፤ ካቲን በሽንት ምርመራ በሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮ ግራም በላይ ከተገኘ ያስቀጣል። ለምርቃና ሲባል የአንድ ልጅ ተስፋ ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል።

አሁን የሜዳውን መጠጥ አዘጋጁ። በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ 5 ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምራችሁ በደንብ በጥብጡ። ስኳሩ 60 ግራም ገደማ ነው። ጣፈጠኝ ብላችሁ ስኳር አትጨምሩ፤ የወፈረ መጠጥ ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ያቅለሸልሻልም። ሰውነት ስታሟሙቁ አንድ ብርጭቆ፣ በእረፍት ሰዓት ሌላ አንድ ብርጭቆና አንድ ሙዝ ውሰዱ። ከ45 ደቂቃ በታች ለሚያልቅ ሩጫ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ለሚፈጅ ውድድር በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም፣ ከዚያ በላይ ለሚረዝም ደግሞ እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ይወሰዳል፤ ሆድ ይህን የሚለምደው በልምምድ ጊዜ ነው።

በወሎ በአንድ ቡድን ውስጥ ሁዳዴ የሚጾምም ረመዳን የሚጾምም አለ። ለሁዳዴ ጿሚ ከላይ ብሉ፣ ጠጡ ያልነው ሁሉ የጾም ነው፤ ሰዓቱን ብቻ ከጾሙ ጋር ማስማማት ይቀራል። ረመዳን የያዘ ተጫዋች ሩዙንና ውሃውን ሱሁር (ጎህ ሳይቀድ የሚበላው ምግብ) ላይ ያድርግ፣ አሰልጣኙም ሙቀቱን አይቶ ቀደም ብሎ ይቀይረው።

ከጨዋታው በፊትና በኋላ ተመዘኑ። 60 ኪሎው ተጫዋች ከ1.2 ኪሎ በላይ ከቀነሰ የጠጣው አንሶታል፤ በቀጣዩ ጨዋታ ተጨማሪ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ይያዝ።