ታሪክን ከሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር አብሮ መተረክ የሚቻለው እንዴት ነው?

"ተረት ተረት" ያለ ሰው "የላም በረት" የሚል መላሽ ካላገኘ ተረቱ አይጀመርም። የታሪክ ክፍለ ጊዜያችን ግን መላሽ የለውም፤ መምህሩ ያወራል፣ ልጁ ይገለብጣል፣ ለፈተና ይሸመድዳል፣ በፈተናው ማግስት ይረሳል። ባሕር ዳር ውስጥ ለዓመታት እኔም እንዲሁ አስተማርኩ። አሁን የምሠራበት መንገድ ሦስት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜና አንድ ቅዳሜና እሑድ ይፈልጋል።

ርእሱን ከቅርብ ይምረጡ

የጎንደር ነገሥታት ያጓጓሉ። የአፄ ፋሲል አፅም ያረፈው ጣና ሐይቅ ላይ ባለው የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በመሆኑ ሐይቁ ራሱ ይጋብዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አልመክርም፤ ልጆቹ ቤቱ ሄደው የሚጠይቁት የዓይን ምስክር የለም። እኔ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን መረጥኩ። አያቱ ወይም የሠፈሩ ሽማግሌ እዚያ የሠሩ ልጅ ከክፍሉ አይጠፋም።

ካስማውን ይትከሉ

ማንም ተራኪ የማይነቅላቸውን አራት አምስት እውነታዎች በሰሌዳው ላይ ይጻፉ። የእኛዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን ያዘች። በየካቲት 1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነባት። ፋብሪካው በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጦር ካሳው ገንዘብ ተሠራ፤ የቆቃ ግድብም የዚሁ ካሳ ውጤት ነው። በዚያው ዘመን ጢስ አባይ ላይ የኃይል ማመንጫ ቆመ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ተቋሙ ተከፈተ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ አንዲት ልጅ፣ "መምህር፣ ጦርነቱ ባይኖር ፋብሪካው አይኖርም ነበር ማለት ነው?" አለችኝ። አልመለስኩላትም፤ ጥያቄዋን በሰሌዳው ጥግ ጻፍኩት።

ልቃቂቱን ያዙሩ

የኔ ክፍል 60 ተማሪ አለው። ስድስት ስድስት አድርጌ እከፍላቸውና ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ባለታሪክ እሰጣለሁ፦ ቤቷ ተቀምጣ የምትፈትል እናት፣ ሸማኔ፣ ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣ ጎረምሳ፣ ማሽን ፊት የቆመች ወጣት፣ ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚሠራ ሰው። ቡድኖቹ ከባለታሪኮቹ ስለሚበልጡ አንዱን ሰው ሁለት ቡድን ይይዘዋል፤ ታሪካቸው ሲለያይ ክርክሩ ይሞቃል። ንጉሥና ሚኒስትር አላስገባም፤ ልጆቹ ንጉሥ ካገኙ ሌላው ሁሉ አጃቢ ይሆናል።

ለየቡድኑ አንድ የፈትል ልቃቂት ይስጡ። ልቃቂቱን የያዘ ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ የክሩን ጫፍ ይዞ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ሕጉ አንድ ነው፦ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር "ስለዚህ" ወይም "ነገር ግን" ብሎ መጀመር አለበት። "ከዚያ" ክልክል ነው። "ከዚያ" ያለ ልጅ ሁለቱ ነገሮች ምን እንዳገናኛቸው ማሰብ አይጠበቅበትም። "ስለዚህ" ያለ ግን ምክንያት ማምጣት ግድ ይሆንበታል። "ፋብሪካው ሠራተኛ ፈለገ።" "ስለዚህ ወንድሜ ከብቶቹን ትቶ ከተማ ገባ።" "ነገር ግን የቤት ኪራይ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር።" ከሁሉ አብዝቼ የምወደው የሸማኔውን ቡድን ነው፤ ለሌሎቹ እንጀራ የሆነው ፋብሪካ ለእሱ ተፎካካሪ ነውና።

"ገና" የምትለዋን ቃል ይጠቀሙ

የተተረከውን ቡድኑ ይጽፈዋል። እርግጠኛ የሆኑበት ባዶውን ይተዋል፣ የገመቱት ከሥሩ ይሰመርበታል፣ መጣራት ያለበት ላይ "ገና" ተብሎ ይጻፋል።

አንድ ልጅ ጎረምሳው "በባጃጅ ወደ ፋብሪካው ገሰገሰ" ብሎ አነበበ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ልጁ ወረቀቱን ጠረጴዛው ሥር ሸሸገ። ሳቁ ሲበርድ ወረቀቱን ተቀበልኩና "ባጃጅ" ከሚለው በላይ በእርሳስ "ገና" ብዬ ጻፍኩ። "ያኔ በምን ይኬድ እንደነበር ማን ይነግርሃል?" አልኩት። ሰኞ አያቱን ጠይቆ መጣ፦ መጀመሪያ በእግር፣ ደመወዝ ሲጠራቀም በብስክሌት። አያቱ ብስክሌቱን ማታ ማታ ከአልጋቸው አጠገብ ያሳድሩት እንደነበር ጨምሮ ጻፈ። በዚያ ዓመት ከተጻፈው ሁሉ የማስታውሰው ያንን ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካሮል ድዌክ፣ ችሎታ በጥረት፣ በስልትና በሌሎች እርዳታ ያድጋል ብሎ የሚያምን ልጅ ከስህተቱ እንደማይሸሽ ያስረዳሉ። በኛ ቋንቋ ነገሩ ቀላል ነው፦ "ታሪክ አይገባኝም" ያለችውን ልጅ "ገና አልገባኝም በይ" እላታለሁ። ነገር ግን "ገና" ብሎ ዝም ማለት ማዘናጋት ነው፤ ከ"ገና" ቀጥሎ ማንን እንደምትጠይቅ ወይም የትኛውን ገጽ እንደምታነብ መንገር ያስፈልጋል። "ጎበዝ!" የምንላትም ነገር እንዲሁ ናት። ልጁ ምን እንዳደረገ ካልነገርነው ባዶ ናት። "ሁለት ሰው ጠይቀህ አለመስማማታቸውን መጻፍህ ጥሩ ነው" ቢባል ነገም ይደግመዋል።

ሽማግሌ ዘንድ ይላኳቸው

"ፋብሪካው እንዴት ነበር?" ብሎ የጠየቀ "ጥሩ ነበር" ተብሎ ይመለሳል። የሚዳሰስ ነገር እንዲጠይቁ ያሠልጥኗቸው፦ "አባባ፣ በመጀመሪያ ደመወዝዎ ምን ገዙ?" "እማማ፣ ምሳ የት ይበሉ ነበር?" ሰላምታውን እንዳያሳጥሩ፣ ቡና ከቀረበም እንዳይቸኩሉ ይንገሯቸው። ሽማግሌው "ይህን ይቅርብኝ ልጄ" ካሉ ደብተሩ ይዘጋል።

ሁለተኛውን ረቂቅ ያርሙ

ቡድኑ ከሽማግሌዎቹ የሰማውን ይዞ ታሪኩን እንደገና ይጽፈዋል። የመጀመሪያው ረቂቅ ማርክ የለውም። ከ10 ማርክ ስድስቱን የምሰጠው በሁለቱ ረቂቆች መካከል ለተለወጠው ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ተሰፍተው ይገባሉ። ካስማ የነቀለ ቡድን ተመልሶ እንዲተክል ይደረጋል።

ያልተመለሱት "ገና"ዎች በአንድ ደብተር ተሰብስበው ለሚቀጥለው ዓመት ክፍል ይተላለፋሉ። የዚህ ዓመት ተማሪዎች ደብተሩን ሲከፍቱ በመጀመሪያው ገጽ ያገኙት ጥያቄ፣ "ፋብሪካው የቆመበት መሬት ከዚያ በፊት የማን ማሳ ነበር?" የሚል ነው።