ለኪራይ የሚሆን ቤት አሜሪካ ውስጥ የት ከተማ ይገዛ?

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ለሚኖር ሰው፣ እዚያው ሰፈር ቤት ገዝቶ ማከራየት ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ኪራዩ ሞርጌጁን (የቤቱን የባንክ ብድር ክፍያ) አይሸፍንም። ስለዚህ ዓይን ወደ ሌላ ግዛት ይሄዳል፤ አብዛኛው ሰውም ዘመድ ያለበትን ከተማ ይመርጣል። ዘመድ ጥሩ ነው፣ ግን ኪራይ አይከፍልም።

መጀመሪያ የሕዝቡን ቁጥር እዩ። ኦሃዮን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1950 ክሊቭላንድ ከ900 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት፤ በ2020 ወደ 373 ሺህ ወርዳለች። ኮለምበስ በተቃራኒው ከ376 ሺህ ተነስታ 900 ሺህን አልፋለች። እርግጥ ኮለምበስ ዙሪያዋን እየጠቀለለች ነው የሰፋችው፤ ስለዚህ የካውንቲውንም (ከተማዋ ያለችበትን አውራጃ) ቁጥር አብራችሁ ተመልከቱ። የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል።

ቀጥሎ ሥራ። ተከራያችሁ ደመወዙን ከማን ነው የሚያገኘው? ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታልና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለበት ከተማ በቀላሉ አይናወጥም። የፋብሪካ ዜና ሰምታችሁ ግን አትሩጡ። የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኢንቴል በ2022 ኮለምበስ አጠገብ ግዙፍ ፋብሪካ እንደሚገነባ አስታወቀ። በ2025 ማምረት ይጀምራል የተባለው አሁን ወደ 2030ዎቹ ተገፍቷል። የባንክ ዕዳ ደግሞ እስከዚያ አይጠብቅም።

አሁን ብዙዎችን ጉድ የሚሠራው ነገር፦ ፕሮፐርቲ ታክስ፣ ማለትም በቤቱ ላይ በየዓመቱ የሚከፈለው ግብር። ሻጩ የሚከፍለውን ታክስ የእናንተ አድርጋችሁ አታስሉ! ሚሺጋን ውስጥ ባለቤቱ እስካልተቀየረ ድረስ ታክስ የሚሰላበት ዋጋ በዓመት የሚጨምረው በገደብ ነው። ቤቱ ሲሸጥ በቀጣዩ ዓመት ገደቡ ይነሳና ስሌቱ የወቅቱን ገበያ ይከተላል። በዚያ ላይ ባለቤቱ የማይኖርበት ቤት ተጨማሪ የትምህርት ቤት ታክስ አለበት። ዲትሮይት ርካሽ ናት ብሎ የገባ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። ቴክሳስ የግዛት የገቢ ግብር የላትም፤ የቤት ታክሷ ግን ከባድ ነው። የቤት ዋጋ ለታክስ የሚገምተው የአካባቢው ቢሮ ደውላችሁ "እኔ ገዝቼ ባከራየው ስንት ይመጣል?" በሉ። ኢንሹራንሱንም በዚያው ቀን አስገምቱ።

የኪራይ ሕጉንም አትርሱ። በሚኒሶታ ግዛት ያለችው ሴንት ፖል በ2021 በሕዝብ ድምፅ የኪራይ ጭማሪን በዓመት 3 በመቶ ላይ ገድባለች፤ ጎረቤቷ ሚኒያፖሊስ ግን እንዲህ ያለ ገደብ የላትም።

በመጨረሻ ቤቱን የሚያስተዳድርላችሁ ድርጅት ፈልጉ። ከኪራዩ ከ8 እስከ 10 በመቶ መውሰድ የተለመደ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉላቸውና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "የትኞቹን ሰፈሮች አትቀበሉም?"